የሚጠፋና የሚሞቅ የ1990ዎቹ ኮሮላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተዘጋጁት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩ ባለ ኢንጀክተር ቶዮታ ኮሮላዎች ነው፤ ማለትም ባለ 1.5 ሊትሩን 5ኤ ወይም ባለ 1.6 ሊትሩን 4ኤ ሞተር ለያዙት። አዲስ አበባና ሌሎች ደጋማ ከተሞች ውስጥ ዛሬም በብዛት ያሉት እነዚሁ ናቸው። ካርቡራተር ያለውን የቀድሞ ኮሮላ፣ ዲኤክስ የሚባለውን፣ የሚመለከተውን ለብቻው ጠቅሰነዋል። ቁጥሮቹ ለእነዚህ ሞተሮች ብቻ ስለሆኑ ለሌላ መኪና እንዳሉ አይውሰዷቸው።

መኪናዬ ይሞቃል፣ ደግሞም መብራት ላይ ይጠፋል። ሁለት የተለያየ ችግር ነው?

ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በዚህ ሞተር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) የሚቆጣጠረው ክፍል ከትሮትል ቦዲው (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት በር) ሥር ተቀምጦ የራዲያተር ውሃ በቀጭን ቱቦ ያልፍበታል። ኮምፒውተሩም የሚሰጠውን የቤንዚን መጠን የሚወስነው በከፊል ከውሃው ሙቀት ተነስቶ ነው። ውሃው ሲጎድል አየር መጀመሪያ የሚታሰረው በእነዚህ ከፍ ባሉ ቦታዎች ነው። ያን ጊዜ ሚኒሞው በደቂቃ 1,500 ዙር ይደርሳል፣ ወደ 500 ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ባለቤቱ ካንዴላ ይቀይራል፣ ኢንጀክተር ያሳጥባል፤ ችግሩ ግን የጎደለ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው እስከ አፉ መድረሱን ይመልከቱ። የላስቲክ ጠርሙሱን ብቻ አይቶ መመለስ አያዋጣም። ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ወይም ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ከተበላሸ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከጠርሙሱ መልሶ መሳብ አይችልም።

እየሄደ ቀጥ ሲል መጀመሪያ ምን ልመልከት?

የአርፒኤም (የሞተር ዙር) መርፌውን። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እየተንከባለለ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ጎማው ሞተሩን ማዞሩን ይቀጥላል። በዚያ ቅጽበት መርፌው በአንዴ ወደ ዜሮ ከወደቀ የጠፋው እሳቱ ነው፦ ኢግናይተር (እሳቱን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል)፣ ቦቢና (ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው)፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለው ፒክአፕ (የዙር ምልክት ሰጪው) ወይም ወደ እነሱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ። ሞተሩ እያነቀው፣ እየተንገጫገጨ፣ መርፌውም ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ቤንዚን ይጠርጥሩ። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው ላይ ግን ሞተሩ ወዲያው ስለሚቆም ይህ ምልክት ብዙም አይታመንም።

ቀጥሎ መኪናውን ዳር አስይዘው ሳይቀዘቅዝ መፈተሽ ነው። ጋራዥ እስኪደርስ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ አብሮ ይጠፋል፤ መካኒኩም በግምት ዕቃ ወደመቀየር ይሄዳል።

ለእሳት፦ ትርፍ ካንዴላ መኪና ውስጥ ይኑርዎት። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለው ትርፉ ላይ ይሰኩ፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያገናኙ፤ በእጅ አይያዙት። ቤንዚን እንዳይረጭ የኢንጀክተሮቹን ሶኬቶች ይንቀሉ። ሌላ ሰው ሞተሩን 5 ሰከንድ ያህል ያስነሳ። ብሩህ ሰማያዊ እሳት ቃ ቃ ካለ እሳቱ ደህና ነው። ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ወደ ቦቢናና ኢግናይተር ይሂዱ።

ለቤንዚን፦ ኮፈኑን ሲከፍቱ ክዳን ያለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ፤ የምርመራ ሶኬቱ ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ኤፍፒ (FP) እና ፕላስ ቢ (+B) የሚባሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሳያስነሱ ብቻ ይክፈቱ። ከኋላ ወንበር ሥር የፓምፑ ድምፅ መሰማት አለበት፤ ወደ ታንከሩ የሚመለሰውን የቤንዚን ቱቦ በጣት ሲይዙትም ፍሰቱ ይታወቃል። በሽቦው ሠርቶ ያለ ሽቦው ካልሠራ ፓምፑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ በሪሌው ወይም በመስመሩ ነው። ፓምፕ ከመግዛት የሚያድን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ይጠፋል፣ 20 ደቂቃ ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

የሙቀት ጥፋት ነው። ሲሞቅ የሚለያይ፣ ሲቀዘቅዝ የሚገናኝ ነገር አለ። በእነዚህ ሞተሮች ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኢግናይተር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩ ፒክአፕ፣ ከዚያ ቦቢና ይመጣሉ።

ቴስተር ካለዎት ሲቀዘቅዝ ይለኩ። የቦቢናው ቀዳሚ መስመር ከ1.11 እስከ 1.75 ኦም፣ ሁለተኛው ከ9 እስከ 15.7 ኪሎ ኦም፣ ፒክአፑ ደግሞ ከ185 እስከ 275 ኦም ማሳየት አለበት። እያንዳንዱ የካንዴላ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም። ሁሉም በቅዝቃዜው ልክ ቢሆኑ እንኳ አያረጋግጡም፤ ጥፋቱ በሙቀት ነውና። በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ እያሞቁ ቴስተሩን እያዩ ይቆዩ። ቁጥሩ ቀስ ብሎ መጨመሩ ያለ ነው፤ በድንገት ዘሎ ከጠፋ ግን ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ኢግናይተሩን በኦም መለካት አይቻልም። ቦቢናውና ፒክአፑ ደህና ሆነው፣ 12 ቮልት እየደረሰ፣ በሙቀት ጊዜ እሳት ከጠፋ፣ የቀረው እሱ ነው።

እሳቱ ሳይጠፋ የሚቆም ከሆነ በመጀመሪያ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ይክፈቱ። አየር በኃይል ስቦ ፉሽ ካለና ከዚያ በኋላ መኪናው ከተነሳ፣ የክዳኑ ማስተንፈሻ ተዘግቶ ፓምፑ ቫኪዩም ላይ ሲታገል ነበር። ካልሆነ ፊልትሮውንና ፓምፑን በግፊት መለኪያ ማየት ነው፦ በሚኒሞ ከ2.1 እስከ 2.6 ኪሎ (በካሬ ሴንቲሜትር)፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ቱቦ ሲነቅሉ ደግሞ ከ2.7 እስከ 3.1 ኪሎ። ሲሞቅ እየወረደ የሚሄድ ግፊት ያረጀ ፓምፕ ምልክት ነው። ታንከሩን ሁልጊዜ ከሩብ በታች አድርጎ መንዳት ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውን ቤንዚን ስለሚያሳጣው ዕድሜውን ያሳጥራል።

ዲኤክስ ነው ያለኝ፣ ካርቡራተር። ለእኔም ይኸው ነው?

የእሳቱ ክፍል ይቀራረባል። ቤንዚኑ ግን ይለያል፤ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ታስሮ በሞተሩ ሙቀት ውስጥ ነው የሚሠራው። ቆላ ወርደው በሙቀት ሲቆሙ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ፓምፑ አየር ብቻ ይገፋል። ቱቦው ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ወይም ቴስታውን (የሞተሩን ራስ) ነክቶ እንዳያልፍ ያርቁት። የቆመውን መኪና ለማስነሳት በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል።

ነዳጅ ስለቅ ወይም መብራት ላይ ስቆም ብቻ ነው የሚጠፋው።

ውሃው ሙሉ መሆኑን ካረጋገጡ የትሮትል ቦዲው ቆሻሻ ቀጣዩ ነው። የዘይት ጭስ ከፕሌቱ (አየሩን ከሚዘጋው ክብ ሳህን) ዙሪያ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ፣ ፕሌቱ ሲዘጋ ማለፍ ያለበትን ትንሽ አየር ይከለክላል። ጥቁሩን የአየር ቱቦ ፈትተው በካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይና በጨርቅ ጠርዙንና የሚኒሞ ማለፊያ ቀዳዳውን ያጽዱ። ከጽዳቱ በኋላ ሲያስነሱት ለጥቂት ሰከንድ ቢያንቀው አይደንግጡ፣ የገባው ፈሳሽ እስኪቃጠል ነው።

የፕሌቱን ማቆሚያ ብሎን በማዞር ሚኒሞ ከፍ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። መኪናው ለጊዜው አይጠፋም፤ ግን ኮምፒውተሩ እግርዎ ነዳጅ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ እውነተኛው ጥፋትም ይሸፈናል። ሚኒሞው ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ ከ700 እስከ 800 መሆን አለበት።

ሌላው ቫኪዩም ነው። እነዚህ ሞተሮች አየሩን የሚለኩት በፍሰት ሳይሆን በማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ባለው ግፊት ነው፤ ከማኒፎልድ ወጥታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሴንሰር የምትሄድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለች። ያቺ ቱቦ ከተነቀለች ወይም ከተሰነጠቀች ኮምፒውተሩ ዳገት ላይ እየወጡ ነው ብሎ ቤንዚን ያፈሳል፦ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ከዚያም መጥፋት። ሙሉውን ቱቦ መቀየር ከማንኛውም ሴንሰር ይረክሳል። የፍሬን ረዳቱን ወፍራም ቱቦም አይርሱ፤ ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚጠፋ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ወደዚያ ነው።

በዚህ ሁሉ ካልተሻለ የእሳት ሰዓቱን (እሳቱ የሚተኮስበትን ቅጽበት) ያስለኩ፦ በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) ተገናኝተው፣ በሚኒሞ፣ 10 ዲግሪ። ሳያገናኙ የተለካ ሰዓት ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ያንቀሳቅሰዋልና።

የሞተር መብራት በርቷል። ያለ ኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል። ቲኢ1 እና ኢ1ን በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን አያስነሱ። መብራቱ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ቶሎ ቶሎ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። አለዚያ ይቁጠሩ፦ ሁለት ብልጭታ፣ አጭር ዕረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ማለት 22 ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅሙት 12 የዲስትሪቢዩተር ምልክት፣ 14 ኢግናይተር፣ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፣ 41 የትሮትል ሴንሰር ናቸው። 14 የተመዘገበበትና ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና ሌላ ማስረጃ ብዙም አይፈልግም።

ቁጥር 22 የሚመዘገበው ግን ሽቦው ሲቋረጥ ወይም ሲገናኝ ነው። ሴንሰሩ «ቀዝቃዛ ነኝ» እያለ የሚዋሽ ከሆነ ምንም ኮድ አይወጣም፤ ሞተሩ ሞቆ እያለ የጠዋት ቤንዚን ይሰጠዋል። ባለ ሁለት ሽቦውን ሴንሰር ነቅለው ይለኩ፦ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም። ዳሽቦርድ ላይ ያለው መርፌ የሚነበበው ከሌላ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ነው፤ መርፌው ልክ መሆኑ ይሄኛው ልክ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

የራዲያተር ክዳን እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣል? ክዳን ክዳን ነው።

ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው ከዚህ መልስ የሚበልጥ እዚህ ገጽ ላይ የለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የኮሮላው ፋን ደግሞ የሚነሳው ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይዩዋቸው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ንጹሕ ውሃ የተሞላ ሞተር ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ይፈላል። ፋኑ፣ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ክዳን)፣ ፓምፑ፣ ሁሉም ደህና ሆነው መኪናው ያፈላል ማለት ነው። ባለቤቱም ራዲያተር እስከመቀየር ይደርሳል።

ደህና ክዳን ላዩ ላይ 0.9 ወይም 88 ኪሎፓስካል የሚል ጽሑፍ አለው። ያንን ግፊት ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ የውሃው መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል፤ ማለትም ከ20 ዲግሪ በላይ ትርፍ ይሰጣል። በመለኪያ ሲፈተሽ ከ0.75 እስከ 1.05 ኪሎ መካከል መክፈት አለበት፣ ከ0.6 በታች የሚከፍት ከሆነ ይጣል። መለኪያ ከሌለ ላስቲኩን ይዩ፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የቀለበት ጉድጓድ ከሠራ ጨርሷል። መካከል ላይ ያለችውን ትንሽ የናስ ሳህን በጥፍር ሳብ ሲያደርጓት ተከፍታ በራሷ መመለስ አለባት። የራዲያተሩ አፍ ጠርዝም ካልተጣመመ ነው አዲስ ክዳን የሚጠቅመው። «የበለጠ ይሻላል» ብሎ 1.3 መግጠም ደግሞ ያረጀውን ራዲያተርና የሂተር ቱቦ ማፈንዳት ነው።

መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ለእኛ አገር አያስፈልግም አለኝ።

መልሰው ያስገቡት። ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ግን በሁለት በኩል ይጎዳል።

አንደኛ፣ በቀዝቃዛ ጠዋትና በሜዳ መንገድ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል። ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ትርፉ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ መብራት ላይ መንቀጥቀጥና መጥፋት ይመጣል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዋናው ክፍት ሲሆን ያቺ ትንሿ ደግሞ ውሃውን ወደ ሞተሩ አቋርጦ የሚመልሰውን መንገድ ትዘጋለች፣ ሁሉም ውሃ በራዲያተር እንዲያልፍ። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ያ አቋራጭ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል። የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ሜዳ ላይ የቀዘቀዘው መኪና ዳገት ላይ የሚያፈላው ለዚህ ነው።

የሚገዙት 82 የሚል የተጻፈበትን ነው። ሳይገጥሙት በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ከነቴርሞሜትር ያሙቁት፤ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መካከል መከፈት መጀመር አለበት። መመሪያው በ95 ዲግሪ 8 ሚሊሜትር ይከፈት ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የድስት ውሃ 95 አይደርስምና ሙሉ አልተከፈተም ብለው ደህናውን ዕቃ አይመልሱ። ሲገጥሙ ትንሿ ተንቀሳቃሽ ሚስማር ወደ ላይ ትሁን፤ የታሰረ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

ፋኑ አይነሳም።

የፋኑን የሙቀት ስዊች ሶኬት ነቅለው ቁልፉን ይክፈቱ። ፋኑ መነሳት አለበት። የቶዮታ አሠራር በዚህ ዘመን ተገላቢጦሽ ነው፦ ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ተገናኝቶ ፋኑን ያቆማል፣ ሲሞቅ ይለያይና ፋኑ ይነሳል፤ ሽቦው ቢበጠስም ፋኑ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም። ስለዚህ ነቅለው ከተነሳ ጥፋቱ ስዊቹ ነው። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያም ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝተው ይሞክሩ። ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ ማሰር ለአንድ ቀን መንገድ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም፤ የፋኑ ካርቦን ቶሎ ያልቃል፣ ዲናሞውም ይደክማል።

ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ነው የሚሞቀው። ወይም በተቃራኒው።

ይህን መለየት ግማሹ ምርመራ ነው። ቆሞ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሞቆ፣ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የጎደለው አየር ነው፦ ፋን፣ የፋኑ መከለያ ላስቲክ፣ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የታጨቀ አቧራና ላባ። ቀስ ባለ የውሃ ግፊት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት፤ ከፊት መግፋት ቆሻሻውን ያጭቀዋል።

ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዱ የሚሞቅ ከሆነ የጎደለው የውሃ ፍሰት ነው፤ በኖራና በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ ወይም ክንፉ የተበላ ፓምፕ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በራዲያተሩ ገጽ ላይ መዳፍዎን አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር ይሂዱ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚያገኙት ቦታ የተደፈነ ነው። ፋኑ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ቁልፉ ክፍት ከሆነ ሊነሳ ስለሚችል ቁልፉን ያውጡ። የታችኛው ማኒኮቶም (የራዲያተሩ ወፍራም የውሃ ቱቦ) ነዳጅ ሲሰጡ ተጣብቆ የሚጨማደድ ከሆነ ላስቲኩ ደክሟል። ፓምፑን የሚያዞረው የዲናሞው ቺንጋ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይግባ።

ምን ልሙላ? ስንት ሊትር? አየሩንስ እንዴት ላውጣ?

ሙሉው ወደ 6 ሊትር ይይዛል፤ ኩላንት 3፣ የተጣራ ውሃ 3። በረዶ ባይኖርብንም ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የፓምፑን ጎሚኒ ያለሰልሳል፣ መፍያውንም በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ቧንቧና ጉድጓድ ውሃ ኖራ ይተዋል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ጠርሙሱን ግን በደንብ ያንብቡ፣ አጠገቡ የሚደረደረው አሲድ ነው። ቀይና አረንጓዴ ኩላንት አይደባልቁ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነውና የፈሰሰውን ልጆችና ውሾች እንዳይደርሱበት ያጥቡ።

ሲሞሉ መኪናውን አፍንጫው ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ያቁሙ፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ይሙሉ፣ የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ። ክዳኑን ከፍተው አስነሱ፣ አረፋ በወጣ ቁጥር ይጨምሩ። የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ክዳኑን ይዝጉ። «ክዳኑ ተከፍቶ ፋኑ እስኪነሳ ጠብቅ» የሚለው ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ምክር ነው፤ እዚህ ውሃው ከዚያ በፊት ሊገነፍል ይችላል። ዘግተው ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ሂተሩ ሙቅ አየር መስጠቱን ያረጋግጡ፣ በማግስቱ ጠዋት የጎደለውን ይሙሉ።

የቴስታ ጓርኒሲዮን (በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉን በምን አውቃለሁ?

በአንድ ምልክት አይወስኑ። ጠዋት ሲነሳ ወዲያው፣ ገና ሳይሞቅ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፤ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተው በአንድ ደቂቃ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ፤ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ያለ ቢጫ አረፋ ግን በአጭር ርቀት የሚነዳ መኪና ላይ በጤዛም ይመጣል።

ኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ሲለካ ሌላ ወጥመድ አለ። መመሪያው ለ4ኤ ሞተር 13.5 ኪሎ፣ ዝቅተኛው 10 ይላል፤ ያ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተር 10 አካባቢ ቢያሳይ አያስደንቅም። በዚህ ቁጥር ብቻ «ሞተሩ አልቋል» ተብለው ብዙዎች ያለጊዜው ሞተር አውርደዋል። የሚታየው ልዩነቱ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል።

ከተከፈተ ቴስታው በቀጥተኛ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይታይ፤ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተጣመመ ሳይላግ አይገጠም። ብሎኖቹ ሁለት ዓይነት ርዝመት አላቸው፣ አይቀያየሩ። የሚጠብቁት ከመሐል ወደ ዳር፣ በመጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ በድጋሚ 90 ዲግሪ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ እዚህ ላይ አይታመን።

መርፌው ቀይ ደርሶ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ወረደ። በረደ ማለት ነው?

ወዲያውኑ ያጥፉት። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ያለች እያንዳንዷ ደቂቃ ቴስታ ታጣምማለች።

አባይ በረሃን ስወጣ ሙቀቱ ቢጨምርስ?

ከጎሐ ጽዮንም ከደጀንም በኩል መውጫው ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ጣርማ በርም የዚያው ቤተሰብ ነው። መርፌው ከተለመደው ቦታ ማለፍ ሲጀምር ኤሲ ያጥፉ፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ከነአየሩ ይክፈቱ፣ ማርሽ ይቀንሱና በቀላል እግር ከ2,500 እስከ 3,000 እየዞረ ይውጣ። በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅ ፓምፑን ሳያግዝ ሙቀት ይጨምራል። ካልወረደ ዳር ያዙ። እንፋሎት ካልወጣና ፋኑ እየዞረ ከሆነ በሚኒሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ ያጥፉት።

ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ። በክዳኑ የታፈነው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነውና ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል፤ በየመንገዱ ሰው የሚቃጠለው በዚህ ነው። የላይኛውን ማኒኮቶ ሲጨምቁት ልል ከሆነ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ይዘው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙረው ያስተንፍሱ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ በአንዴ ማፍሰስ የአሉሚኒየሙን ቴስታ ይሰነጥቃል፤ የሚጨመረው ሞተሩ ተነስቶ፣ በቀጭን፣ ቀስ በቀስ ነው።

ያገለገለ ኢግናይተር ወይም ዲስትሪቢዩተር ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ) ልግዛ?

ኦርጂናል ያገለገለ ዕቃ ስም ከሌለው አዲስ ይሻላል፣ ከተፈተሸ። አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የሶኬቱ ቀዳዳ ብዛት መመሳሰል አለበት፣ መልኩ ብቻ አይበቃም። ቴስተር ይያዙ፣ ቦቢናውንና ፒክአፑን እዚያው ይለኩ፣ ዘንጉን በእጅ ወደ ጎን አነቃንቀው ክፍተት እንደሌለው ይዩ። ኢግናይተሩ የሚፈተነው በሙቀት ብቻ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ነድተው የመመለስ ስምምነት ያድርጉ፤ ደረሰኝ ላይ ቢጻፍ ይበልጥ ጥሩ ነው።